እማሆይና የውሻቸው ጾም

በዐቢይ ጾም፣ በምኩራብ ሳምንት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ እማሆይ ወለተ ሰንበት ለኪዳን ጸሎት ሊወጡ መቋሚያቸውን ይዘው በሩን ሲከፍቱ ውሻቸው ታዘበው አልተነሣም። ሌላ ጊዜ መቀርቀሪያው ሲንቋቋ ነው ተነሥቶ ከአጥሩ በር ላይ የሚጠብቃቸው። ያን ዕለት ግን ከጎተራው ሥር እንደተኛ ጭራውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ አደረገና ተወው። በስሙ ሲጠሩት የፊት እግሮቹን አቆመ፤ የኋላዎቹ ከዱትና በጎኑ ወደቀ። እማሆይ አጠገቡ ተንበርክከው ከንፈሩን ገለጥ አድርገው አዩ። ድዱ ነጥቷል። ቀይ የነበረው ሥጋ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ መስሏል።

ኪዳን ቀረባቸው።

እማሆይ የሚኖሩት ከደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር፣ ቤቱ አልቆ የገብሱ ማሳ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ባላቸው ጋሽ ሙላት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ታዘበውን ገና ዓይኑን እንደገለጠ ከቁይ ገበያ በካፖርታቸው ኪስ ይዘውት የመጡትም፣ ስሙን ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። ስሙ የወጣው አጥር እየገፋ ለሚያስቸግራቸው ጎረቤት ነው፤ በዚያ አገር ውሻ የሚጠራው ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለሚሰማውም ጭምር ነውና። በኋላ ጎረቤቱም ሞተ፣ ጋሽ ሙላትም ሞቱ፣ የአጥሩም ነገር ተረሳ። ስሙ ብቻ ከውሻው ጋር ቀረ።

ባላቸው ባረፉ በዓመቱ እማሆይ ቆብ ደፉ። ገዳም አልገቡም፤ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ባልቴቶች እዚያው ቤታቸው ተቀምጠው መመንኮስን መረጡ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሥጋ፣ ቅቤም ሆነ እንቁላል የዚያን ቤት ደፍ አልተሻገረም። ታዘበው መጀመሪያ ላይ በዚህ አልተጎዳም። በየቀኑ እስከ ልኳንዳው ድረስ ወርዶ የድርሻውን አጥንት ግጦ ይመለስ ነበር። አንድ ቀን ግን ባጃጅ ገጭቶ የኋላ እግሩን ሰበረው። እግሩ ሲጠገን እማሆይ የአጥሩን በር ዘጉበት፤ ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ጋር ካልሆነ አልወጣም። የሚበላውም እሳቸው የሚበሉትን ሆነ፤ እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር፣ ሲደላ እንጀራ በተልባ።

ልጃቸው ምስጋናው ባሕር ዳር ባንክ ቤት ይሠራል። እናቱ ብቻቸውን መኖራቸው እንቅልፍ ይነሣዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ በገደሉ አፋፍ የሚያልፍ ነው፤ ማለዳ ጅቡ ገና ወደ ጉድጓዱ አልገባም፣ ሰካራሙም ገና ወደ ቤቱ አልገባም። እናትና ልጅ ብዙ ጊዜ ተከራክረው በመጨረሻ አንድ ስምምነት ላይ ደርሰው ነበር። ታዘበው እስካለ ድረስ እማሆይ ቤታቸው ይቀመጣሉ። ታዘበው ሲያልፍ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አፈሩ የማይረገጥበት ቤት። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ሁሉ ልጆቹ የሚቀበሉለት አንድ ሰበብ ያስፈልገዋል። አንዱ ማሳ አለው፣ አንዱ ያልተቋጨ የፍርድ ቤት ክርክር አለው። እማሆይ ውሻ ነበራቸው።

ስለዚህ ምስጋናው በዚያው ማለዳ ደውሎ ነገሩን ሲሰማ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈቃድ ወስዶ መጥቶ ዕቃቸውን እንደሚያሸክም ነገራቸው። ክፋት አልነበረበትም፤ ድምፁ እንዲያውም የእፎይታ ነበር። እማሆይን ያስቆጣቸውም ይኸው እፎይታ ነው። ውሻው አልሞተም ብለው ስልኩን ዘጉት።

እውነቱን ለመናገር፣ ታዘበው ከደከመ ሰነባብቷል። እማሆይም ዝም ብለው አላዩትም፤ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ነጭ ሽንኩርት ከፌጦ ጋር እየወቀጡ ከሽሮው ጋር ሲያበሉት ነበር። በጎጃም ነጭ ሽንኩርት የማይሽረው በሽታ ገና አልመጣም። ውሻው ሲብስበት ሽንኩርቱን ጨመሩለት። ሲጨምሩለት ባሰበት።

ያን ዕለት ግን ሙቀጫውን አላነሡም። ታዘበውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ተሸክመው አስፋልቱ ዳር ቆሙ። አንደኛው የባጃጅ ሹፌር ውሻ አልጭንም ብሎ አለፋቸው። ሁለተኛውን ከፊቱ ቆመው መንገድ ዘጉበት። ሰውዬው መነኩሲት ገጭቶ ከመታሰር ውሻ መጫኑን መረጠ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ሐኪም ሂዊ የምትባል ወጣት ናት፤ ከወላይታ ሶዶ ተመድባ የመጣች። በሬና በቅሎ እንጂ ውሻ በጋቢ ታቅፎ ሲመጣባት ብዙም አላየችም። ድዱን አየች፣ የዓይኑን ቆብ ገልብጣ አየች፣ ሆዱን ዳሰሰች። ጥርሶቹን ስትቆጥር ከጎደሉት ይልቅ የቀሩትን መቁጠር ቀለላት።

“ምንድን ነው የሚበላው?” አለቻቸው።

“እኔ የምበላውን።”

“እርስዎስ ምን ይበላሉ?”

እማሆይ ነገሯት። ሽሮው እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀይ ሽንኩርቱ ምን ያህል እንደሚቁላላ፣ በኋላም በመድኃኒትነት የጨመሩትን ነጭ ሽንኩርት ሁሉ ነገሯት። ለአንድ ውሻ ብለው ያን ያህል እንደሚደክሙ እንድታውቅላቸው ስለፈለጉ ከመጠኑ ላይ ምንም አልቀነሱም።

ሂዊ መርፌዋን አስቀመጠች። “እማሆይ፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ያፈርሳል” አለች። “ነጩም፣ ቀዩም።”

“መድኃኒት ነው እኮ፣ ልጄ።”

“ለሰው ነው።”

ሰው ጠላቱን ሲጎዳ ቢያንስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የሚወደውን ሲጎዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ እያሻሸ፣ እያጎረሰ፣ እየመረቀ ነው። ታዘበው ያን የተወቀጠ ሽንኩርት ሲያጎርሱት ፊቱን አዙሮ ያውቅ ነበር፤ አገጩን ይዘው ነበር የሚያስውጡት።

“ይድናል?” አሉ።

ሂዊ ዋስትና አልሰጠችም። ሽንኩርት የሚባል ነገር አጠገቡ እንዳይደርስ፣ ደሙ እንዲመለስ ደግሞ የሥጋ ኃይል ያለው ምግብ እንዲያገኝ አዘዘች። እማሆይ ቤታቸው ሥጋ እንደማይገባ ሲነግሯት፣ ለውሻ ተብሎ የሚሠራ ደረቅ ምግብ እንዳለ ነገረቻቸው። እንደ ቆሎ ፍሬ ፍሬ ነው፣ ድስት አይነካም፣ አይሸትም፤ ሥጋው ግን ተፈጭቶ ውስጡ አለ። ቢሆንም ያገኙትን እንዳይገዙ አስጠነቀቀቻቸው። የቡችላ አለ፣ የጎልማሳ አለ፣ የሽማግሌ አለ። ፍሬው ትንሽ መሆን አለበት፣ የቀሩት ጥርሶቹ ጥቂት ናቸውና በለብታ ውኃ መራስ አለበት፤ ከለመደው ምግብ ጋር ጥቂት ጥቂት እየተቀላቀለ በቀን ሦስት ጊዜ መሰጠት አለበት። በአንድ ጊዜ ቢቀየርበት ሆዱ አይችለውም። ከረጢቱ ላይም ሽንኩርት ተጽፎ እንደሆነ እንዲያስነብቡ ነግራ ሁለቱን የፈረንጅ ስሞች አስጠናቻቸው። እማሆይ “ኦንየን፣ ጋርሊክ” እያሉ ውዳሴ ማርያም እንዳጠኑበት አኳኋን ሸመደዷቸው።

ወደ ቤት ከመመለሳቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን መምሬ አካለ ወልድን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አገኟቸው። ውሻውን ከዋርካው ሥር አስተኝተው ቀረቡ።

“መምሬ፣ ውሻ ጾም አለበት?”

“በነነዌ ከብቱም በጉም ከሰው ጋር ጾሟል እኮ፣ እማሆይ።”

“እሱማ ሦስት ቀን ነው። የእኔው ስንት ዓመቱ።”

መምሬ ሊሥቁ ቃጣቸውና ያሉበትን ቦታ አስታውሰው ተዉት። ነገሩን ከሥሩ ጠየቋቸው፤ እማሆይም ሽንኩርቱን ጨምሮ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ።

“ቆቡን የደፋው ማን ነው?” አሉ መምሬ።

“እኔ።”

“ውሻውስ?”

“እሱ ምን ቆብ አለው።”

“እንግዲያው መልሱን ይዘውት ነው የመጡት። ሰው ግን ያወራል፤ መነኩሲቷ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቷ አስገባች ይባላል።”

“ይባል” አሉ እማሆይ፣ መስቀሉንም ተሳልመው ውሻቸውን አነሡ።

ጾም የራስን ሆድ መግዛት ነው። የሌላውን ሆድ መግዛት ሌላ ስም አለው። እማሆይ ይህን በዚህ ቃል አላሰቡት ይሆናል፤ በመንገድ ላይ ግን የውሻው የጎድን አጥንት ክንዳቸውን እየወጋ ከዚህ የማይርቅ ነገር አስረድቷቸዋል።

በማግስቱ ከመናኸሪያው በላይ ወዳለው ወደ ደመላሽ መኖ ቤት ሄዱ። ደመላሽ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የዶሮ መኖ የሚሸጥ አንደበተ ርቱዕ ነጋዴ ነው። የውሻ ምግብም ግቢያቸውን በውሻ ለሚያስጠብቁ ባለሀብቶች ያስመጣል። መነኩሲት ስትጠይቀው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። አፉ ከተከፈተ ከረጢት በጣሳ ዝቆ አሳያቸው። እማሆይ አንዷን ፍሬ አንሥተው በጣታቸው ፈረካከሷትና አሸተቷት። የከረመ የኑግ ዘይት ሸተተቻቸው።

“ይሄ ሻግቷል።”

“የፈረንጅ ምግብ ሽታው እንዲህ ነው፣ እማሆይ።”

“ፈረንጅም ቢሆን አፍንጫ አለው” አሉና ፍሬዋን ጣሳው ውስጥ መለሷት።

ደመላሽ ያልተከፈተ ሌላ ከረጢት አወረደ። በላዩ የተሳለውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቡችላ ነው፤ የእሳቸው ሽማግሌ ነው። ደመላሽ ውሻ ምን ጊዜም ውሻ ነው ብሎ ሊያግባባቸው ሞከረ።

“ሰውስ ምን ጊዜም ሰው አይደል? አንተን ምሳህን በጡጦ ላጥባህ?”

በረንዳው ላይ ፉርሽካ የሚያሸክሙ ገበሬዎች ሣቁ። ደመላሽም ሣቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን በቁም ነገር ያዘው። ሦስተኛውን ከረጢት ከመደርደሪያው ጥግ አመጣ፤ ላዩ ላይ ትልቅ ውሻ አለ፣ ሽታው ደኅና ነው፣ ፍሬውም ቢበዛ ቢበዛ የባቄላ ያህል ነው። እማሆይ ከጀርባው ያለውን እንዲያነብላቸው አዘዙት። ደመላሽ መነጽሩን ፈልጎ አጥቶ፣ ከረጢቱን ወደ ብርሃኑ ይዞ፣ አንዱን እየዘለለ አንዱን እየገጣጠመ አነበበ። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንደ ቅኔ ሰሚ ያዳምጡ ነበር። ወደ መጨረሻው ሲደርስ መቋሚያቸው መሬቱን መታ።

“እዚያ ላይ ምን አልክ?”

“ጋርሊክ” አለ ደመላሽ። “ግን እኮ የመጨረሻው ላይ ነው የተጻፈው፣ ትንሽ ነው።”

“መርዝ ሲጨመር ትንሽ ነው የሚጨመረው። መልሰው።”

ደመላሽ ለመነኩሲት የሚሆን ትዕግሥት አለኝ ብሎ ያስብ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ጨረሰው። እንዲህ የሚመረጥ ከሆነ አዲስ አበባ ሄደው ይምረጡ አላቸው። እማሆይ ደግሞ እኔ አልሄድም፣ አንተ ታስመጣለህ አሉት። ምን ዓይነት እንደሚፈልጉ በጣታቸው እየቆጠሩ አስያዙት፤ የሽማግሌ ውሻ፣ ፍሬው ከሽምብራ ያልበለጠ፣ አፉ ያልተከፈተ፣ ሁለቱ ስሞች የሌሉበት። ስልኩን ተቀብለው ከሂዊ ጋር አገናኙትና እሷም በጆሮው ደግማ እንድትነግረው አደረጉ። ደመላሽ ዋጋው ይከብዳል ብሎ ሲያስፈራራቸው ፊታቸው አልተለወጠም። ካልመጣ ግን በየማለዳው እየመጡ እዚህ በረንዳ ላይ ዳዊት እንደሚደግሙ ነገሩት። አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ እዚያው እፊታቸው ደወለ።

እቃው እስኪመጣ ታዘበው የሚበላው ያስፈልገው ነበር። ሂዊ የተቀቀለ እንቁላል ከገብስ ቂጣ ጋር እንዲሰጡት ፈቀደች። እማሆይ እንቁላሉን ለመግዛት የሄዱት ዶሮ ከምታረባው ከጎረቤታቸው ከማሬ ዘንድ ነው። ማሬ መልካም ሴት ናት፤ አንድ ነገር ብቻ ሆዷ አይይዝም፣ እሱም የሰማችው ነው።

“እማሆይ፣ በዚህ ጾም እንቁላል ለማን ነው?”

“ለታዘበው።”

ማሬ እንቁላሉን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻቸውና ከወፍጮ ቤቱ እስከ ጠበሉ ያለውን ሰው ሁሉ ስታዳርስ ዋለች። እማሆይም እንደማትምራቸው ስላወቁ አንዱን አሮጌ ድስት ለይተው፣ ግቢያቸው መካከል ሦስት ድንጋይ ጎልተው፣ የአጥሩን በር ወለል አድርገው ከፍተው ቀቀሉት። ሐሜትን የሚያደልበው የተዘጋ በር ነው። ያለፈ ያገደመው አየ። የወይራ እንጨት ተሸክማ የምትመለስ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆም ብላ፣ “እማሆይ፣ እንቁላሉ ደኅና በሰለ?” ስትላቸው ቀና እንኳ አላሉም፣ “በስሏል። ከውሻው ከተረፈ እልክልሻለሁ” አሏት። ሴትዮዋ ወይራዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እሳቸው ጾማቸውን ፈተው ሲቀመጡ፣ እንቁላሉን ፈርፍረው ሰጡት። ልሶ ጨረሰ። እንዲህ ሲሆን ሰነበተ፤ ሞት ባይርቅም ቆሞ የሚጠብቅ መሰለ።

ከረጢቱ ከአዲስ አበባ የመጣው በቀጣዩ፣ በመጻጉዕ ሳምንት፣ በአንድ ማለዳ ነው። ደመላሽ ራሱ በባጃጁ ይዞት መጣ። እማሆይ ስፌቱን መረመሩ፣ እንደገና አስነበቡት፣ ከዚያ አስከፈቱት። ፍሬው ሽምብራ ያህል ነው። ለብ ባለ ውኃ ጥቂቱን አርሰው ከገብስ ቂጣው ጋር ለውሰው ከአፍንጫው ሥር አኖሩለት።

ታዘበው አሸተተ። ምላሱን አውጥቶ አፉን ላሰ። ከዚያ ራሱን በእግሮቹ ላይ አስተኝቶ እማሆይን ማየት ጀመረ።

ቀረብ አደረጉለት፣ አልነካውም። በጣታቸው ከንፈሩን አስነኩት፣ ፊቱን አዞረ። ሂዊ ጋ ደወሉ። ሂዊ የውሻው ሆድ በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ መያዝ እንደማይችል፣ ከፋፍሎ ካልበላ አሁንም ደሙ እንደማይመለስ ደገመችላቸው። ደመላሽ ደግሞ የምግቡን ጥራት እንዳይጠራጠሩ ፈርቶ፣ አንዷን ፍሬ አንሥቶ አፉ ውስጥ ጨመረና ደኅና ነው አለ። እማሆይ ይህን እያዩ እንኳ አልሣቁም። ቀትር ሲሆን አዲስ አርሰው አቀረቡ። ታዘበው ምራቁ እየተንጠባጠበ ያያቸዋል። ምግቡን አያይም። አፋቸውን ነው የሚያየው።

ያን ጊዜ ገባቸው። ይህ ውሻ መቼ ነው ከእሳቸው ቀድሞ የበላው? አስተምረውት አያውቁም፣ ተው ብለውትም አያውቁም። እሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አማትበው ሲጎርሱ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሁልጊዜ ድርሻውን የሚሰጡት። እሱ ግን ይህን ሕግ አድርጎታል። ሽሮው ምድጃ ላይ ሲንተከተክ እየሸተተው፣ ከደፉ ውጭ ተጋድሞ፣ ዓመት ከዓመት ሲጠብቃቸው ኖሯል። እማሆይ ጾማቸውን እግዚአብሔር ያውቀዋል ብለው ያምኑ ነበር። ውሻውም ያውቀው እንደነበር አላሰቡትም። ለምን እንደሚጾም ሳያውቅ የሚጾም ፍጥረት፣ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሚወደው ሰው አልበላም።

ደመላሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲጠብቁ መከራቸው። ዛሬ ቢጠብቁ ነገም እንደዚያው ነው። እማሆይ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ፤ በእጃቸው ጥቂት የገብስ ቆሎ ይዘው ወጡና ከውሻው ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። አማተቡ። ከመነኮሱ ወዲህ በዐቢይ ጾም ቀትር ላይ እህል አፋቸው ገብቶ አያውቅም። አንዷን ፍሬ ጎረሱና እያየ ቀስ ብለው አላመጧት።

ታዘበው ራሱን አነሣ። ወደ ሳህኑ ዝቅ አለ።

ደመላሽ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ፤ ይህን ለማንም አላወራም ይባላል፤ ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው። በቀጣዮቹ ቀናት እማሆይ ማታለሉን ተማሩ። መጀመሪያ አንድ ፍሬ ያላምጡ ነበር፤ ኋላ ባዶ አፋቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ አስበሉት፤ እያደር ፊታቸውን አዙረው ቢቀመጡም ይበላ ጀመር። የገብስ ቂጣውን እያሳነሱ ፍሬውን እያበዙለት ሄዱ።

ለመምሬ አካለ ወልድ ነገሩን በሙሉ ተናገሩ። መምሬ ሰምተው ስግደት ጨመሩባቸው። እማሆይም ጉልበታቸው እየተንቋቋ ሰገዱ። ሲሰግዱ ግን ጸጸት ፈልገው አላገኙም። ያለ ጸጸት መስገድ ራሱ ሌላ ኃጢአት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ለዚያኛው ግን አልቸኮሉም።

ምስጋናው ፈቃዱ ቢዘገይበትም ቃሉን አልተወም፤ ጾሙ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ በኒቆዲሞስ ሳምንት መጣ። ከባሕር ዳር ሲነሣ ለእናቱ ልብስ የሚሆን ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዞ ነበር። የአጥሩን በር ገፋ አድርጎ አንድ እግሩን እንዳስገባ፣ ከጎተራው ሥር አንድ ቡናማ ነገር ተስፈንጥሮ ወጣ። ምስጋናው ሻንጣውን እንደ ጋሻ ይዞ ወደ አጥሩ ተለጠፈ። ታዘበው እየዘለለ የሻንጣውን ጥግ በቀሩት ጥርሶቹ ያዘና መጎተት ጀመረ። ድዱ ቀይ ነበር።

“እማዬ፣ ያዢልኝ እንጂ!”

እማሆይ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። አልተቻኮሉም።

“ሻንጣውን ከደጅ ተወውና ግባ፣ ልጄ” አሉት። “እሱ እንደሆነ አሁን አይጾምም።”

ምስጋናው ውሻውን አየ፣ እናቱን አየ። ከዚያ ሻንጣውን ከአጥሩ ውጭ አስቀመጠ።